በጋው ሳይከር ለወላጆቻችሁ ደውሉ፦ ሰደድ እሳት፣ ቤትና ሳንባ

 

ዛሬ የማነሳው ነገር "ይሄ ደግሞ የሐኪም ሥራ ነው እንዴ?" ያሰኛችሁ ይሆናል። ስለ ሰደድ እሳት ነው። መንዝ፣ ግሼ ወይም መርሐቤቴ ቤተሰብ ያላችሁ ግን እስከ መጨረሻው አንብቡልኝና አንድ ስልክ ደውሉ።

ተመርቄ በወጣሁ በመጀመሪያው ዓመት በሰሜን ሸዋ ደጋ በአንድ ትንሽ ሆስፒታል እሠራ ነበር። የካቲት ላይ፣ አንድ ከሰዓት፣ ወደ ስድሳ ዓመት የሚጠጉ አባት በእግራቸው መጡ። ከቤታቸው በታች ያለው ደረቅ ሣር ተቃጥሎ እሳቱ ወደ ላይ መጣ። ጎረቤቱ ተጠራርቶ በቅጠል ሲመታ፣ የእሳቸው ጣራ ሳይታሰብ ተያያዘ። በሬያቸውን ሊፈቱ ጭስ ወደሞላው ቤት ተመልሰው ገቡ። በሬው ወጣ። እሳቸውም እጃቸው ተቃጥሎ ወጡ።

እጃቸው ላይ ቅቤ ተቀብቷል፣ ከላይ አመድ ተነስንሶበታል። እኔም ዓይኔ ያረፈው እጃቸው ላይ ነው። አጠብኩ፣ አሸግሁ። ይሄን ሁሉ ሳደርግ እያወሩኝ ነው። ጣት ላይ የሚደረገው የኦክስጅን መለኪያም 96 ይላል። "ደህና ነዎት አባባ፣ ይሂዱ" ልል ስል አብራኝ የነበረችው ሲስተር "ዶክተር፣ ድምፃቸው እንዲህ ነበር እንዴ?" አለችኝ። ልጃቸውን ጠየቅነው። "ኧረ አይደለም! ጠዋት ሲጣሩ እኮ ማዶ ይሰማ ነበር" አለ።

ያኔ ነው አፍንጫቸውን በባትሪ ያየሁት። የአፍንጫቸው ፀጉር ተለብልቧል፣ ውስጡ ጥቀርሻ ነው። አክታቸውም ጥቁር ነበር። የመተንፈሻ ቧንቧቸው ከውስጥ ተቃጥሏል ማለት ነው፤ እንዲህ ያለ ቃጠሎ ደግሞ ከሰዓታት በኋላ አብጦ አየር ይዘጋል። ወዲያው ሪፈር ጻፍን፣ አምቡላንስ ተገኘ፣ በደረሱበት ሆስፒታል ቱቦ ገባላቸውና ተረፉ። ያቺ ሲስተር ባትኖር ኖሮ ሌሊቱን ቤታቸው ተኝተው ይታፈኑ ነበር። ስህተቱ የእኔ ነው፤ እስካሁን አልረሳሁትም።

በኋላ ልጃቸውን "እሳቱ ቤቱን እንዴት ያዘው?" ብዬ ጠየቅሁት። "እሳቱማ ቤቱ ጋ አልደረሰም፤ የታረሰው ማሳ ላይ ቆመ። ፍንጣሪ ነው ጣራው ላይ ያረፈው" አለኝ። የዛሬው ትምህርታችን ዋናው ነጥብ ይሄ ነው።

ቤት የሚያዘው በፍንጣሪ ነው

ብዙ ሰው ሰደድ እሳት ሲባል እንደ ግድግዳ ቆሞ የሚመጣ ነበልባል ነው የሚታየው። ብዙ ቤት የሚቃጠለው ግን ነፋስ ተሸክሞ በሚያመጣው ፍንጣሪ ነው። ፍንጣሪ ነፋስ ካገኘ ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ ሊሄድ ይችላል። አርፎ የሚበላው ነገር ካገኘ ያነዳል፣ ካላገኘ ይጠፋል። ስለዚህ ዱሩን በሙሉ መቆጣጠር ባንችል እንኳ ፍንጣሪው የሚያርፍበትን ቦታ መቆጣጠር እንችላለን።

የመንዝ ቤት ግድግዳው ድንጋይ ነው፤ እሱ አይቃጠልም። የሚቃጠለው የሣር ጣራው፣ ግድግዳው ሥር የተከመረው ኩበት፣ ከደጅ ያለው የገለባና የድርቆሽ ክምር ነው። ቆርቆሮ የሠራችሁም ብትሆኑ ሙሉ በሙሉ አትተማመኑ። ቆርቆሮው ባይነድም ከጣራው ጠርዝ ሥር ባለው ክፍተት የገባ ገለባ ወይም የወፍ ጎጆ ፍንጣሪ ይቀበላል።

አባቶች ያውቁት ነበር

ከመሐል ሜዳ ወጣ ብሎ ያለውን ጓሳን ብዙዎቻችሁ ለጭላዳና ለቀይ ቀበሮ ስትሉ ጎብኝታችሁት ይሆናል። ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,200 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ይህ የሣር ምድር ለመቶዎች ዓመታት የተጠበቀው "ቄሮ" በሚባል የመንዝ ነባር ሥርዓት ነው (በዜና ከምትሰሙት ቄሮ የተለየ ነው)። ሕዝቡ የራሱን አለቃ ይመርጥ ነበር፤ ጓሳው ለተወሰኑ ዓመታት፣ አንዳንዴም እስከ አምስት ዓመት ይዘጋል፤ ከዚያ በበጋ ተከፍቶ ለጣራ፣ ለገመድና ለገሳ የሚሆነው ሣር በሥርዓት ይታጨዳል። በ1967ቱ የመሬት አዋጅ ሥርዓቱ ፈረሰ፤ ዛሬ ኅብረተሰቡ በኮሚቴ ይጠብቀዋል።

እኔ እንደ ሐኪም ከዚህ የምወስደው ነገር አለ። በጊዜው የታጨደ ሣር ገቢ ብቻ አይደለም፤ እሳት የማያገኘው ማገዶም ነው። ባለቤት ያለው መሬት ላይ ደግሞ ማን እሳት እንደለኮሰ ይታወቃል። አብዛኛው ሰደድ እሳት የሚነሳው ከሰው እጅ ነው፦ ማር ለመቁረጥ የተጨሰ ጭስ፣ ለአዲስ ግጦሽ የተለኮሰ ሣር፣ አፈር ማቃጠል፣ ከሰል፣ ያልጠፋ ሲጋራ።

ከተነሳ በኋላ የሚመጣው እርዳታ ደግሞ ይዘገያል። በመጋቢትና ሚያዝያ 2011 ዓ.ም. የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ሲቃጠል፣ የእስራኤል ባለሙያዎችና ከኬንያ የመጣ ሄሊኮፕተር እስኪደርሱ ድረስ ገበሬውና ወጣቱ ነው በቅጠልና በአፈር የታገለው። ያደጉት አገሮችም አላመለጡም። በ2018 እ.ኤ.አ. በካሊፎርኒያ ፓራዳይዝ በምትባል ከተማ ዙሪያ 85 ሰዎች፣ በዚያው ዓመት በግሪክ ማቲ አካባቢ ከ100 በላይ ሰዎች ሞተዋል። ሄሊኮፕተርም መኪናም እያላቸው ማለት ነው።

እንደ ደም ግፊት አስቡት። ግፊት ስትሮክ ካመጣ በኋላ ከማከም በፊት መቆጣጠር ይቀላል አይደል? እሳትም እንደዚያው ነው።

በበዓል ስትሄዱ ይህን አድርጉ

1. ከግድግዳው ዙሪያ ሁለት እርምጃ ያህል ባዶ ይሁን። ኩበት፣ እንጨት፣ ጭድ፣ ደረቅ ሣር አይኑር።

2. እስከ 10 ሜትር ያለውን ሣር አሳጥሩ። ማጭድ ከሌለ በጎቹን እዚያ እሰሩ፤ የመንዝ በግ ሥራውን ያውቃል።

3. ክምሩን በተቻለ መጠን ከቤት አርቁ። ሌባና ከብት ስለሚያስቸግር ሰው ክምሩን ደጁ ማድረጉ ይገባኛል። ቢያንስ ነፋስ ከሚመጣበት ተቃራኒ ወገን አድርጉት፣ ዙሪያውንም በአጥር ከለል አድርጉ።

4. ቤቱ ገደል አፋፍ ላይ ከሆነ (የጀማን ሸለቆ የሚያውቅ የመርሐቤቴ ሰው ይገባዋል) ከታች በኩል ያለውን ሣር በደንብ አጽዱ። እሳት ሽቅብ ሲወጣ ፊት ለፊቱ ያለውን ሣር እያሞቀ ስለሚሄድ በጣም ይፈጥናል።

5. አስቀድማችሁ ተነጋገሩ፦ እሳት ቢመጣ አያትን ማን ይይዛል? ሕፃኑን ማን? ከብቱን ማን ይፈታል? የት ትገናኛላችሁ? ከሁሉ የሚሻለው የታረሰ ማሳ ነው። ሽቅብ አትሽሹ። ከወጣችሁ በኋላ ለምንም ነገር አትመለሱ። ለበሬም ቢሆን።

ልብስም ነገር አለው። ናይለንና ፖሊስተር ቀልጦ ቆዳ ላይ ይጣበቃል። የበግ ፀጉር ግን በቀላሉ አይነድም። ስለዚህ ያ የመንዝ በርኖስና ባና ከብርድም አልፎ በዚህ ሰዓት ያግዛል።

ሰው ቢቃጠልስ?

ልብሱ ከተያያዘ እንዳይሮጥ፤ መሬት ላይ ተኝቶ ይንከባለል። ከዚያ የተቃጠለውን ቦታ ለ20 ደቂቃ ንጹህ ቀዝቃዛ (በረዶ ያልሆነ) ውኃ አፍስሱበት። ቃጠሎው ከደረሰ እስከ ሦስት ሰዓት ድረስ ይጠቅማል። ደጋ ስለሆነ ሌላውን አካል በጋቢ ሸፍኑት፣ በተለይ ሕፃን ከሆነ። ቀለበትና አምባር ሳያብጥ አውልቁ። በንጹህ ጨርቅ ሸፍናችሁ ውሰዱት።

ቅቤ፣ የጥርስ ሳሙና፣ እንቁላል፣ ቡና፣ አመድ፣ አፈር በፍጹም! ውኃ የቋጠረውንም አታፍርጡ።

ፊት፣ እጅ፣ መገጣጠሚያ ወይም ብልት ከተቃጠለ፣ ቃጠሎው ከተጎጂው መዳፍ ከሰፋ፣ ተጎጂው ሕፃን፣ ነፍሰ ጡር ወይም አረጋዊ ከሆነ ወደ ጤና ተቋም ውሰዱ።

ጭስ የበላው ሰው ላይ እነዚህን ፈልጉ፦

• ድምፅ መጎርነን
• ጥቁር አክታ
• የተለበለበ የአፍንጫ ፀጉር ወይም ፊት
• ሲተነፍስ ሲር ሲር ማለት
• ራስ ምታት፣ ማስታወክ፣ መደናገር

አንዱ እንኳ ካለ "ደህና ነኝ" ቢላችሁም አትስሙት። ጭስ ውስጥ ያለው ካርቦን ሞኖክሳይድ የጣት መለኪያውን ስለሚያታልለው ቁጥሩ ጥሩ ሆኖ ሰውዬው ሊታመም ይችላል። እኔን ያታለለኝ ዓይነት ቁጥር ማለት ነው።

አስም፣ የልብ ሕመም ወይም እርግዝና ያለባችሁ ከጭስ ራቁ፤ የአስም መንፊያችሁም ኪሳችሁ ይኑር። የጨርቅ ማስክ ደቃቁን ጭስ አያቆምም፤ ፊት ላይ በደንብ የሚገጥም ኤን95 ይሻላል። ይህ ለአዲስ አበባም ይሠራል፦ ኅዳር 12 ቆሻሻ ስናቃጥል ጭሱን የሚከፍለው የጎረቤት አስመኛ ልጅ ነው።

የአደጋ ስልኮችን መዝግቡ፦ ቀይ መስቀል አምቡላንስ 907፣ የአዲስ አበባ እሳት አደጋ 939። ገጠር ያላችሁ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያችሁንና የቀበሌውን ስልክ በግድግዳ ላይ ጻፉት።

እኚያ አባት ከተሻላቸው በኋላ ሊያመሰግኑ መጥተው ነበር። ድምፃቸው እንደ ድሮው ማዶ ይሰማል። ጣራውን በቆርቆሮ እንደቀየሩት፣ ክምሩንም ከማሳው ማዶ እንዳደረጉት ነገሩኝ። ከዚያ ለሲስተር አንድ ሙክት ይዘው መምጣታቸውን ጨመሩልኝ። ለእኔ አላመጡም፤ ልክ ናቸው።

አሁን ስልካችሁን አንሱና "እማዬ፣ ኩበቱ የት ነው የተከመረው?" በሉ። ጥያቄ ካላችሁ ኮሜንት ላይ አስቀምጡልኝ፣ ለአገራችሁ ልጆችም ሼር አድርጉ።