መሪ የማያሻው የዛፎች መንገድ

የሰው የመጀመሪያ ቤቱ የአትክልት ስፍራ እንደ ነበረ ከቅዱሳት መጻሕፍት እንማራለን። አባታችን አዳም በገነት የተሾመው ፍሬዋን እንዲበላ ብቻ አልነበረም፤ እንዲሠራባትና እንዲጠብቃትም ጭምር ነው። ይህን በልጅነታችን በንባብ ቤት ተምረነዋል፤ በጐልማሳነታችንም በዘመናዊ ትምህርት ቤት ደጋግመን አስተምረነዋል። ነገር ግን ሹመቱ ምን ያህል ብርቱ እንደ ሆነ በውል የተረዳነው በ2010 ዓ.ም. በጥር ወር፥ ዐሥራ ሁለት ተማሪዎች አስከትለን በጣና ሐይቅ ዳር ወደምትገኘው ወደ ዘጌ በሄድን ጊዜ ነው።

በውጭ አገር በብዙ እርሻዎችና ደኖች ውስጥ መሪ የማያሻው የእግር መንገድ ይዘጋጃል። በየዛፉ ሥር ቍጥር የተጻፈበት ችካል ይቆማል፤ ጎብኚው በመግቢያው ላይ አንዲት ወረቀት ይቀበልና ከቍጥሩ ጋራ እያስተያየ፥ ራሱ ለራሱ እያነበበ ይሄዳል። የእኛም ሐሳብ ተማሪዎቻችን በዘጌ እንዲሁ እንዲመላለሱ ነበር። ስለዚህ መንገድ መሪ አልፈለግንም፤ ከዕፅዋት መጽሐፍ የሃያ ዛፎች ስም ቀድተን ለእያንዳንዳቸው አደልን።

ከባሕር ዳር ተነሥተን በሞተር ጀልባ አንድ ሰዓት ያህል ከተጓዝን በኋላ ከወደቡ ደረስን። ወደ ዑራ ኪዳነ ምሕረት የሚወጣውን የእግር መንገድ ገና እንደ ያዝን የጥር ፀሐይ ከላያችን ጠፋ። በላይ ዋንዛው፥ ሰሳውና ብርብራው ቅርንጫፍ ለቅርንጫፍ ተያይዘው ጥላ ሠርተዋል፤ በመካከል ቡናው ቀይ ፍሬውን ይዞ ቆሟል፤ በታች የረገፈው ቅጠል እንደ ስጋጃ ተነጥፏል። በሬ አይታይም፤ የማረሻ ፈለግም የለም።

የአገሩ ሰዎች ከአባቶቻቸው ተቀብለው እንደሚናገሩት፥ ጻድቁ አቡነ በትረ ማርያም በትራቸውን ከሦስት ቆርጠው ቢተክሉ አንዱ ቡና፥ አንዱ ጌሾ፥ አንዱም ሎሚ ሆኖ በቀለ። ሕዝቡም በእነዚህ ፍሬ እንዲኖር፥ ምድሪቱን በበሬ እንዳያርስ፥ ከብትም እንዳያረባ ታዘዘ ይባላል። ስለዚህ ዘጌ ገዳምም እርሻም ናት። ገበሬው ቡናውን የሚያሳድገው ደኑን መንጥሮ ሳይሆን በደኑ ጥላ ሥር ነው፤ እህሉንም ቡናውን ሸጦ ከገበያ ይሸምታል። ትእዛዙን መጠበቅ ቀላል እንዳልነበረ ከዚህ መረዳት ይቻላል፤ በቡና የሚኖር ሰው ቡናው ባልያዘለት ዓመት በጎተራው የሚጠብቀው ጤፍ የለውምና።

ወደ ጉብኝታችን እንመለስ። ያዘጋጀነው ወረቀት ከመንገዱ ጋራ ሳይተዋወቅ ቀረ። ስሞቹን በላቲን ቀድተናቸው ስለ ነበር ተማሪዎቹ ቀና ብለው ዛፉን፥ ዝቅ ብለው ወረቀቱን ያያሉ እንጂ አንዱን ከሌላው ለማገናኘት አልቻሉም። አንዲት ልጅ አንድ ትልቅ ዛፍ አሳየችንና «መምህር፥ የዚህ ስሙ ማን ነው?» አለችን። እኛም ሃያ ዓመት ስለ ዕፅዋት ስናስተምር ኖረን አፋችን ተያዘ።

በዚህ መካከል ከተማሪዎቹ አንዱ ከመንገዱ ወጣ ብሎ አንድ ለጋ ዛፍ ቆረጠና ምርኩዝ አድርጎ መጣ። ቡና ሲለቅሙ የነበሩ አንድ አረጋዊ ቅርጫታቸውን አስቀምጠው ወደ እርሱ ቀረቡ። ይቆጣሉ ብለን ነበር፤ አልተቆጡም።

«ልጄ፥ የቆረጥኸው ምን እንደ ሆነ ታውቃለህ?» አሉት።

«አላውቅም አባባ። ትንሽ ስለ ሆነ ነው።»

«ብርብራ ነው። ከሥሩ ያለችውን የቡና ችግኝ ታያታለህ? አድጎ እርስዋን እንዲጋርድ ብዬ የተውሁት ነበር። እንግዲህ ማን ይጋርዳት?»

ልጁ በትሩን ይዞ ቀረ፤ ሊጥለው አፈረ፤ ሊይዘውም ከበደው። እኛ ይቅርታ ስንጠይቃቸው አረጋዊው መምህር መሆናችንን ዐውቀው «ግድ የለም የኔታ፥ ካላሳዩት ከየት ያውቀዋል?» አሉንና እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ድረስ አብረውን ሄዱ። በየዛፉ ሥር እየቆሙ ስሙንና ግብሩን ነገሩን። ብርብራ ለቡና ጥላ ከመሆኑ ሌላ ፍሬው ተወቅጦ ውኃ ውስጥ ቢበተን ዓሣን እንደሚያፈዝዝ፥ ከዋንዛ ከበሮና መዝጊያ እንደሚሠራ ያስረዱን እርሳቸው ናቸው። ተማሪዎቹ ወረቀታቸውን ገልብጠው በባዶው ገጽ ላይ ጻፉ።

ከደጀ ሰላሙ ስንደርስ፥ ይህ ሁሉ ዛፍ ሳይቆረጥ እንዴት እንደ ቆየ ጠየቅናቸው። «ቡናው ባልያዘ ዓመት እንጨት ነጋዴው ደጃችን ይቆማል፤ የሰው ልብ የሚፈተነው ያን ጊዜ ነው» አሉ። እርሳቸውስ ተፈትነው ያውቁ እንደ ሆነ ብንጠይቃቸው ጥቂት ዝም ብለው «አንድ ዋንዛ ሸጫለሁ። ገንዘቡ በክረምቱ አለቀ። ቦታው ግን እስከ ዛሬ ፀሐይ ነው፤ ከሥሩ የነበሩት ቡናዎችም ደረቁ» ሲሉ መለሱልን።

ይህን በሰማን ጊዜ የተማሪው በትር በእኛ እጅ ያለ መስሎ ተሰማን። ከብዙ ዓመት በፊት በምንኖርበት ከተማ የደብራችን አዳራሽ ሊሠራ ሲታሰብ፥ ቦታው እንዲጠረግ ሦስት ያረጁ ጽዶች ይቆረጡ ተባለ። ቃለ ጉባኤውን የጻፍነው እኛ ነን፤ የፈረምነውም እኛ ነን። አንድ ሽማግሌ አዳራሹ ፈንጠር ብሎ ሊቆም እንደሚችል ተናግረው ነበር፤ እኛ ግን ሥራው ይቸኩላል ብለን አላዳመጥናቸውም። በምትኩ ባሕር ዛፍ ተከልን። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የገባው ባሕር ዛፍ አዲስ አበባን ከማገዶ ችግር ያዳነ ባለውለታ መሆኑን አንክድም፤ ሆኖም የጽድን ቦታ አይተካም።

ጥፋታችን ምን ያህል እንደ ሆነ የነገረን ደግሞ ጥናት ነው። ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ በደቡብ ጎንደር 28 አብያተ ክርስቲያናትን ከበው የቆሙ ደኖችን ከባልደረቦቻቸው ጋራ መርምረው 168 ዓይነት ዛፍ፥ ቍጥቋጦና ሐረግ አግኝተዋል፤ ከእነዚህ 160ው አገር በቀል ናቸው። በዙሪያው ያለው ምድር ታርሶና ተግጦ ሲራቆት፥ የአገሩ ዕፅዋት ዘር በታቦቱ ጥላ ሥር ተጠግቶ ተርፏል ማለት ነው። እኒሁ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ2007 በሆላንድ አገር በዋኅኒንገን ዩኒቨርሲቲ ለዶክትርና ማዕረግ ባቀረቡት ድርሳን እንዳስረዱት፥ ለጋውን ችግኝ ከሚያጠፉት ነገሮች አንዱ ወደ ደኑ የሚገባው ከብት ነው። ከዚህም የተነሣ በልዩ ልዩ አጥቢያዎች ሕዝቡ ከእርሻው ድንጋይ እየለቀመ በደኑ ዙሪያ ካብ ክቧል። ድንጋዩ ሲነሣ እርሻው ይጠራል፤ ካቡ ሲቆም ደኑ ይጠበቃል።

እንደ ተመለስን ተማሪዎቻችን የደብሩን አስተዳዳሪ አስፈቅደው በቅጥሩ ውስጥ ዐሥራ ሦስት ሰሌዳዎች አቆሙ። ለእያንዳንዱ ዛፍ ስሙን በአማርኛ፥ ቀጥሎም ከአረጋውያን ጠይቀው ያገኙትን ግብሩን ጻፉ። ከወይራው ሥር ጢሱ የወተት ዕቃ እንደሚያጥን፥ እንጨቱም ለመቋሚያ እንደሚሆን፤ ከኮሶው ሥር አበባው የሆድ ትል መድኃኒት ሆኖ እንደ ኖረ፤ ከግራዋው ሥር ቅጠሉ የጠላ ጋን እንደሚያጥብ ይነበባል። ከእንዶዱ ሥር ያለው ሰሌዳ ከሁሉ ይረዝማል፤ ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 በዐድዋ ሴቶች በእንዶድ ልብስ በሚያጥቡበት ወንዝ ውስጥ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች አይተው፥ የብልሃርዝያን በሽታ የሚያዛምተውን ቀንድ አውጣ እንዶድ እንደሚገድለው ለዓለም ማስረዳታቸው ተጽፎበታል። እናቶቻችን በየሳምንቱ ሲያሹት የኖሩት ፍሬ ለሳይንስ በር ከፈተ።

ሰባተኛው ሰሌዳ የቆመው ግን በዛፍ ሥር አይደለም፤ ከጉቶ አጠገብ ነው። በዘጌ በትሩን የቆረጠው ተማሪ ምን እንጻፍበት ብሎ በጠየቀን ጊዜ እውነቱን ነገርነው፤ እርሱም «እዚህ ጽድ ነበረ። ለአዳራሽ ቦታ ተብሎ ተቆረጠ» ብሎ ጻፈ። ከሰሌዳው ጎን አንድ የጽድ ችግኝ ተክሎ በእሾህ አጥሮታል። እኛ ለጥላው አንደርስበትም፤ እርሱ ግን ምናልባት ይደርስበት ይሆናል።

ውድ አንባብያን ሆይ፥ ይህን ሥራ ለመጀመር ገንዘብ አያስፈልግም። በሚቀጥለው እሑድ ቅዳሴ ሲያበቃ ልጆቻችሁን ይዛችሁ የደብራችሁን ቅጥር አንድ ጊዜ ዙሩ። ቅጠል አትቅጠፉ፤ ድምፃችሁንም ዝቅ አድርጉ። ስሙን የምታውቁትን ዛፍ ለልጆቻችሁ ንገሯቸው፤ የማታውቁትን በዕድሜ የገፉትን ካህን ወይም እናት ጠይቁ፤ የሰማችሁትንም ጻፉ። አንዱንም ዛፍ የቤታችሁ አደራ አድርጋችሁ በበጋ ውኃ አጠጡት። ልጅ ስሙን የሚያውቀውን ዛፍ በቀላሉ አይቆርጠውም። እኛ የቆረጥነው ስሙን እያወቅን ነውና የእኛ ጥፋት ይበልጣል። ሹመቱን የሰጠን አምላክ ለመጠበቅ የሚተጋ ልብ ይስጠን፤ አሜን።