መጎተት ሌላ፣ መሸከም ሌላ፦ ለተሳቢ ቤት የትኛው መኪና ይሻላል?

ትምህርት ቤት ሊዘጋ ሲቃረብ ምግብ ቤቴ ውስጥ የሚነሣው ወሬ ይለወጣል። "ሆቴል ተወዷል፤ ለምን ትራቭል ትሬይለር ገዝተን ከልጆቹ ጋር ካምፒንግ አንሄድም?" የሚል ወላጅ በዝቷል። ለድግስ ምግብ የማመላልስበት ተሳቢ ስላለኝ "የእኔ መኪና ይጎትተዋል ወይ?" ብለው ይጠይቁኛል። እኔ ደግሞ መልሼ "ስንት ሆናችሁ ነው የምትሄዱት?" እላለሁ። ስለ መኪና ሲጠየቅ ስለ ቤተሰብ የሚጠይቅ ሰው ግራ ያጋባል። ምክንያቱ ይኸውላችሁ።

መኪና ሁለት አቅም አለው፤ አንዱ መጎተት፣ ሌላው መሸከም። ዲለር ጋ ስትሄዱ ሻጩ የሚነግራችሁ የመጀመሪያውን ነው። "ይህ መኪና 5,000 ፓውንድ ይጎትታል" ይላችኋል። አልዋሸም። ግን ያ ቁጥር ሲሰላ ብዙ ጊዜ መኪናው ውስጥ ያሉት ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው ተብሎ ነው። የእኛ ቤተሰብ መቼ በሁለት ሰው ተንቀሳቅሶ ያውቃል? እናት፣ አባት፣ ልጆች፣ ከአገር ቤት የመጡ አያት፣ የቡናው ዕቃ፣ እንጀራና ወጥ የተሞላ ኩለር አለ።

ተሳቢውም ተሳፋሪ ነው

ተሳቢ ቤት ከኋላ ብቻ የሚከተል ይመስላል እንጂ፣ የፊተኛው ጫፉ መኪናችሁ ላይ ይጫናል። አሜሪካኖች "የምላስ ክብደት" ይሉታል። ለትራቭል ትሬይለር ከጠቅላላ ክብደቱ ከ10 እስከ 15 በመቶ መሆን አለበት። ከዚያ ካነሰ ተሳቢው በፍጥነት መንገድ ላይ እንደ እባብ ይወዛወዛል። ከበዛ ደግሞ የመኪናው ኋላ ይወርድና ፊቱ ይቀልላል፤ መሪውም ፍሬኑም እንደ ልብ አይታዘዙም።

አሁን የሾፌሩን በር ክፈቱ። በሩ የሚገጥምበት ብረት ላይ ስለ ጎማና ስለ ጭነት የሚናገር ነጭና ቢጫ ወረቀት ተለጥፏል። የተሳፋሪዎችና የዕቃ ድምር ከዚህ ፓውንድ አይበልጥ የሚል ቁጥር አለው። የመሸከም አቅም ማለት እሱ ነው። አንድ ዓይነት ስም ያላቸው ሁለት መኪኖች እንኳ የተለያየ ቁጥር ሊኖራቸው ስለሚችል፣ የምትገዙትን መኪና ራሱን እዩ።

ልጆች፣ ይህ ሒሳብ የእናንተ ነው

እርሳስ ያዙና ከእኛ ጋር ደምሩ። አባት 185፣ እናት 155፣ አያት 140፣ ሦስት ልጆች 120፣ 80 እና 45 ፓውንድ ቢሆኑ፣ ድምሩ 725 ነው። ሻንጣ፣ ኩለርና የልጅ ወንበር 125 ቢመዝን 850 ደረስን።

ተሳቢው ከነዕቃው 5,000 ፓውንድ ነው እንበል። 13 በመቶው 650 ነው። ክብደት የሚያከፋፍለው ጋንቾ 80 ያህል ይጨምራል። ጠቅላላ 1,580 ፓውንድ! በሩ ላይ ያለው ቁጥር 1,350 ከሆነ 230 ፓውንድ አልፈናል። "5,000 ይጎትታል" የተባለው መኪና ለእኛ ቤተሰብ አልሆነም ማለት ነው። ተሳቢውን ወደ 3,000 ፓውንድ ብናወርደውስ? 850፣ ሲደመር 390፣ ሲደመር ለቀላል ጋንቾ 30፤ ውጤቱ 1,270 ነው። ይሄ ይሄዳል።

ሌላም ነገር አለ። ተሳቢው ሲሸጥ የሚጻፈው ክብደት የባዶው ነው። አንድ ጋሎን ውኃ ከ8 ፓውንድ በላይ ስለሚመዝን፣ 30 ጋሎን ብቻውን 250 ይሆናል። ስለዚህ ስታሰሉ ተሳቢው ላይ የተለጠፈውን "ጂ.ቪ.ደብሊው.አር" የተባለውን የመጨረሻ ክብደት ያዙ።

ታዲያ የትኛው መኪና?

እንደ ካምሪ ያለ የቤት መኪና ይቅር፤ ቶዮታ ራሱ ተሳቢ እንድትጎትቱበት አይመክርም። ብዙዎቻችን የምንነዳው ሲዬና እስከ 3,500 ፓውንድ ይጎትታል፤ የሚታጠፍ ወይም በጣም ትንሽ ተሳቢ ይበቃዋል። የቤንዚን ሃይላንደርና በአራቱም ጎማ የሚነዳው ሆንዳ ፓይለት እስከ 5,000 ይደርሳሉ፤ ቤተሰቡ ሲበዛ ግን ከላይ ያየነው ሒሳብ ያግዳቸዋል። በሊሞ ሥራ ያላችሁ የምታውቁት ሰበርባን፣ እንደ ሞተሩና እንደ ተገጠመለት ዕቃ፣ 8,000 አካባቢ ይጎትታል፤ ሦስተኛ ረድፍ ወንበርም አለው። እንደ ኤፍ-150 እና ቱንድራ ያሉ ፒካፖች ጉልበት አላቸው፤ ግን አምስት ወይም ስድስት ሰው ነው የሚይዙት፤ የበሩንም ቁጥር ማየት አትርሱ።

ያገለገለ መኪና ስትገዙ መጎተቻው ከፋብሪካ የተገጠመ መሆኑን፣ የካምቢዮ ዘይት ማቀዝቀዣ እንዳለው፣ ባለ 7 ፒን የመብራት መሰኪያ መኖሩን ጠይቁ። ጋንቾ ብቻ መበየድ የመኪናውን አቅም አይጨምርም። በብዙ ስቴቶች ከ3,000 ፓውንድ በላይ የሆነ ተሳቢ የራሱ ፍሬን እንዲኖረው ሕጉ ያስገድዳል፤ መኪናው ውስጥም የዚያ ፍሬን መቆጣጠሪያ ያስፈልጋል።

ከመነሣታችሁ በፊት

ቅዳሜ ጠዋት ሞልታችሁ፣ ቤተሰቡን አሳፍራችሁ፣ ወደ ትራክ ማረፊያ ሂዱና ሚዛን ላይ ውጡ። ትራክ የሚነዳ ዘመድ የሌለው ማን አለ? እሱ ያሳያችኋል። ከባዱን ዕቃ ከተሳቢው ጎማ ወደ ፊት አድርጉ። መወዛወዝ ከጀመረ ፍሬን በድንገት አትርገጡ፤ ቤንዚኑን ቀስ ብላችሁ ልቀቁ፣ መሪውን ቀጥ አድርጋችሁ ያዙ፣ የተሳቢውን ፍሬን ብቻ በእጅ ንኩ። ልጆች ደግሞ "ተሳቢው ውስጥ እንተኛ" ቢሉ እሺ አትበሉ፤ መኪናው እየሄደ እዚያ ሰው አይቀመጥም።

መንገዱንም አጥኑ። ከዋሽንግተን ዲሲ 75 ማይል ያህል የሚርቀው የሸናንዶዋ ብሔራዊ ፓርክ ለመጀመሪያ ጉዞ ደስ ይላል። ግን ስካይላይን ድራይቭ 105 ማይል ሙሉ ዳገትና ቁልቁለት ነው፤ ፍጥነቱ 35 ማይል ነው፤ ሜሪስ ሮክ የተባለው ዋሻ ከፍታውም 12 ጫማ ከ8 ኢንች ነው። የተሳቢያችሁን ቁመት ከነኤሲው ለኩ። ቁልቁለት ላይ ማርሽ ዝቅ አድርጉ እንጂ ፍሬን ረግጣችሁ አትውረዱ።

በመጨረሻ፣ በዓመት ሁለት ጊዜ ለምትጓዙት ሲባል ለስድስት ዓመት የትልቅ መኪና ክፍያ ውስጥ መግባት ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነው። መጀመሪያ ተከራዩ፤ የኪራይ ውሉ መጎተት እንደሚፈቅድ ግን አንብቡ። ወይም ተሳቢውን አሳንሱ። ልጆች የሚያስታውሱት አብራችሁ ያደራችሁበትን ሌሊት ነው፤ የተሳቢውን ርዝመት ማንም አይጠይቃቸውም። ሻጩ ቁጥሩን ይነግራችኋል፤ ስንት ሆናችሁ እንደምትጓዙ የምታውቁት ግን እናንተ ናችሁ። መልካም የዕረፍት ጊዜ!