ሽምብራ ያገናኘው ማዕድ



ከቅርብም ከሩቅም ቅድስት ሀገር ኢየሩሳሌምን ለመሳለም ለመጣችሁ ምእመናን፣ ስለ ቅዱሳት መካናት የሚነግራችሁ ብዙ ነው፤ ስለ ምግብ የሚነግራችሁ ግን ጥቂት ነው። መነኵሴ ስለ ምግብ ቤት ቢጽፍ ነውር የሚመስለውም አይጠፋም። ነገር ግን በየዓመቱ ሰሙነ ሕማማት ሲቃረብ የማየው ነገር ዝም አላሰኘኝም። ዕድሜ ልካቸውን ያጠራቀሙትን ጥሪት ይዘው የመጡ እናቶች፣ «ምን እንዳለበት ስለማናውቅ አንቀምስም» እያሉ ከሀገር ቤት በቋጠሩት በሶና ቆሎ ብቻ ይሰነብታሉ፤ የደብረ ዘይትን አቀበት ሲወጡ ጉልበታቸው ይከዳቸዋል። ሌሎች ደግሞ ያገኙትን ሳይጠይቁ በልተው፣ ኋላ ኅሊናቸው ሲወቅሳቸው የንስሐ አባት ፍለጋ ይሯሯጣሉ። የሁለቱም ችግር ምንጩ አንድ ነው፤ የሚጠይቁትን አለማወቅ ነው። ስለዚህ በሀገራችንም፣ በዚህች ከተማም፣ ራቅ ባለው የእስያ ምድርም ከቀረብሁባቸው ማዕዶች ጥቂቶቹን አንሥቼ ያስተማሩኝን ላካፍላችሁ።

እኔ ያደግሁት በቆሎ ተማሪነት ነው። ደበሎ ለብሶ፣ አኮፋዳ አንግቶ፣ ውሻ እያባረረው «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ በየደጁ ለሚቆም ልጅ ምግብ ስጦታ እንጂ ሸቀጥ አይደለም። የተሰጠውን ይቀበላል፤ «ምን አለበት?» ብሎ አይጠይቅም። ይህ አስተዳደግ ትሕትናን ያስተምራል፤ ለምግብ ቤት ግን አያዘጋጅም።

እንዲህ ያለው እንግድነት የእኔ ብቻ አልነበረም። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን እቴጌ ጣይቱ በአዲስ አበባ በስማቸው የሚጠራውን ሆቴል ባቆሙ ጊዜ፣ ሰው እህልን በገንዘብ ገዝቶ በአደባባይ መብላትን እንደ ነውር ይቈጥር እንደ ነበርና መኳንንቱ እንኳ እስኪለምዱ ጊዜ እንደ ወሰደባቸው ይነገራል። እንግዳን በነፃ ማብላት ክብር በሆነበት ሀገር፣ ዋጋ የተቈረጠለት እንጀራ ግራ ማጋባቱ አያስደንቅም። ዛሬ በዚያው ሆቴል በጾም ወራት የሚቀርበውን የጾም ምግብ ፈልጎ የሚሄደው ሰው ብዙ ነው።

ከሀገር ቤት ማዕዶች ከልቤ የማይጠፋው ግን ከዚህ ሁሉ ያነሰ ቤት ውስጥ የቀረበልኝ ነው። ከጎጃም ወደ አዲስ አበባ ስንጓዝ፣ አውቶቡሳችን የዐባይን በረሓ ከመውረዱ በፊት ደጀን ላይ ለምሳ ቆመ። ቀኑ ረቡዕ ነበር። ጠባብ ቤት ነው፤ አግዳሚ ወንበሮችና ሁለት ረጃጅም ጠረጴዛዎች አሉት። ቦታ ስለ ጠበበ ባለቤቲቱ እኔንና ከደሴ የመጡ አንድ ሙስሊም ነጋዴን ጎን ለጎን አስቀመጠችን። በትንሽ ሸክላ የሚንተከተክ ተጋቢኖ ሽሮ ከጎመንና ከቃሪያ ጋር በአንድ ትሪ አቀረበች። ነጋዴው እጃቸውን ታጥበው፣ «ቢስሚላህ» ብለው፣ የትሪውን ዳር ወደ እኔ ገፋ አደረጉና «ይብሉ እንጂ፣ የኔታ» አሉኝ። እኔም ባርኬ በላሁ። እስከምንጠግብ ድረስ ስለ እህል ዋጋና ስለ ዝናቡ ተጨዋወትን፤ ሒሳቡንም ቀድመውኝ ከፈሉ።

የሀገራችን ሰው የዚህን ትርጉም ያውቀዋል። በእኛ ዘንድ የክርስቲያን ሥጋ ቤት በመስቀል፣ የሙስሊም ሥጋ ቤት በጨረቃና በኮከብ ይለያል፤ አንዱ የባረደውን ሌላው አይበላም። ቀኑ የፍስክ ቢሆን ኖሮ፣ እኔም ሥጋ የምበላ ሰው ብሆን፣ ገበታችን ሁለት ይሆን ነበር። ያን ዕለት አንድ ትሪ ያስቀረበልን ረቡዕነቱና የሽምብራው ሽሮ ነው። ጾም ከሰው የሚለይ የሚመስላቸው አሉ፤ በምግብ ነገር ግን ብዙ ጊዜ የሚያገናኘው እርሱ ነው።

ወደዚህች ከተማ ከመጣሁ በኋላም ይኸው ሽምብራ ተከተለኝ። ከዴር ሡልጣን ወርዳችሁ በአሮጌው ከተማ ውስጥ ወደ አል-ዋድ ጎዳና ስትዘልቁ፣ በሕማማት መንገድ አቅራቢያ የታወቀውን የአቡ ሹክሪን ቤት ታገኛላችሁ፤ በዙሪያው ባሉት መንገዶችም መሰሎቹ አሉ። በእነዚህ ቤቶች የሚቀርበው ሑሙስ አሠራሩ ቀላል ነው። ሽምብራው ሌሊቱን ይነከራል፤ እስኪፈርስ ድረስ ይቀቀላል፤ ከዚያ ጣሂና ከሚባለው የሰሊጥ ልውስ፣ ከሎሚ፣ ከነጭ ሽንኩርትና ከጨው ጋር ይደቆሳል። ከላይ የወይራ ዘይት ይፈስስበታል። በዳቦ እየጠቀሱ፣ አንዳንዴም በጥሬ ሽንኩርት ቅጠል እየዛቁ ይበሉታል። የባቄላው ፉልና ከሽምብራ ተደቁሶ በዘይት የሚጠበሰው ፈላፍልም ከዚሁ ወገን ናቸው። በውስጣቸው ወተትም ቅቤም የለም፤ ፉል ላይ ግን አንዳንዱ ቤት እንቁላል ቀቅሎ ስለሚጨምር አስቀድሞ መናገር ይገባል።

ለጾመኛ አንድ ችግር አለባቸው። ሑሙስ የጠዋት ምግብ ነው። ብዙዎቹ ቤቶች ከቀትር በኋላ ድስታቸውን አጥበው ይዘጋሉ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾም ሰው ሰዓቱን ጠብቆ ሲወርድ የሚያገኘው የተገለበጠ ወንበር ነው። መፍትሔው ጠዋት በዕቃ አስሞልቶ፣ ዳቦውን በወረቀት አስጠቅልሎ መያዝ ነው። አንድ አረጋዊ ባለ ሑሙስ ይህን ልማዳችንን ካወቁ በኋላ፣ በዐቢይ ጾም የመነኮሳቱን ድርሻ ሳንጠይቃቸው ለይተው ያስቀምጡልን ነበር። «እናንተም ትጾማላችሁ፣ እኛም እንጾማለን» ይሉን ነበር። በእኛ ጾም፣ በዐረቦቹ ሰውም፣ በአይሁድም ጾም መባሉ የአንድ ሥር ቃል መሆኑን የቋንቋ ሰው ሁሉ ያውቀዋል።

የእኛኑ እንጀራ የናፈቀ ደግሞ ከኢትዮጵያ የመጡ ቤተ እስራኤላውያን ወገኖቻችን በኢየሩሳሌምም በቴል አቪቭም ከከፈቷቸው ምግብ ቤቶች ያገኛል። እዚያ በአማርኛ ይቀበሏችኋል። በአይሁድ ሕግ ሥጋና ወተት በአንድ ቤት ስለማይገናኙ፣ ሕጉን ጠብቆ ሥጋ በሚያቀርብ ቤት የሚሠራ ሽሮ ቅቤ አይነካውም። ስለ ድስቱና ስለ ማንኪያው ግን መጠየቅ የእናንተ ፋንታ ነው።

ከሁሉ ይልቅ ያስተማረኝ ማዕድ የቀረበልኝ በህንድ ነው። ከብዙ ዓመታት በፊት አንድ አረጋዊ አባት ለዐይን ሕክምና ወደ ደቡብ ህንድ፣ በኬረላ ወደምትገኘው ወደ ኮታያም ከተማ ሲላኩ አብሬ እንድሄድ ታዘዝሁ። በዚያ ሀገር ሐዋርያው ቶማስ ወንጌልን እንደ ሰበከላቸው የሚተርኩ ክርስቲያኖች አሉ። ከእነርሱም አንዷ የሆነችው ቤተ ክርስቲያን በጥር 1957 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በተደረገው የኦሪየንታል ኦርቶዶክስ አብያተ ክርስቲያናት መሪዎች ጉባኤ ከእኛ ጋር የተቀመጠች እኅታችን ናት። ወቅቱ ዐቢይ ጾም ነበር።

አባታችን የስኳር ሕመም ነበረባቸው። ሐኪሙ መድኃኒቱን ያለ ምግብ እንዳይወስዱ በብርቱ አስጠነቀቀ። እርሳቸው ግን ሦስት ቀን ሙሉ ከሙዝና ከደረቅ ዳቦ በቀር አልቀመሱም። ሻዩ እንኳ በዚያ ሀገር ከወተት ጋር ተፈልቶ ስለሚቀርብ ተዉት። ቤተ ክርስቲያን ሕመምተኛን እንደምታሳርፍ ከእኔ ይልቅ እርሳቸው ያውቁታል፤ ደቀ መዛሙርትን ያስተማሩ ሊቅ ናቸው። ብለምናቸው ግን፣ «አባ፣ ለሌላው የምፈቅደውን ለራሴ ለመፍቀድ አልቸኩልም፤ እስቲ መጀመሪያ እንፈልግ» አሉኝ። በሦስተኛው ቀን እጃቸው ይንቀጠቀጥ ጀመር።

ከሐኪም ቤቱ ፊት ለፊት አንድ አነስተኛ ምግብ ቤት ነበረ። ይዣቸው ገባሁ። የሚያስተናግደውን ወጣት በተሰባበረ እንግሊዝኛ ስጠይቀው፣ በበሩ ላይ የተጻፈውን እያሳየ «ሁሉም ቬጂቴሪያን ነው» አለኝ። ሥጋ እንደሌለ ተረዳሁ፤ ወተትና ቅቤስ? በእነርሱ ዘንድ ወተት ከአትክልት ምግብ ይቈጠራል፤ የወጣቱ መልስ እውነት ነበር፣ ለእኛ ግን አይበቃም። «ወተት የለም? እርጎ የለም? ቅቤ የለም?» እያልሁ አንድ በአንድ ስዘረዝር ወደ ጓዳ ሄዶ ወጥ ሠሪውን ጠርቶ መጣ። ሰውዬው እጁን በሽርጡ እየጠረገ፣ የሽማግሌውን ፊትና የሚንቀጠቀጡ እጆች ተመለከተ። ምንም ሳይናገር ተመልሶ የኮኮናት ዘይት ጣሳውን አምጥቶ አሳየን፤ ወደ ምጣዱ ቀርበን እንድናይም ጠራን።

ምጣዱን ካጠበ በኋላ ግማሽ ሽንኩርት በዘይቱ ነክሮ አሰሰው። አባታችን ይህን ሲያዩ «እንደ እኛ ሴቶች ያስሳል» አሉ። ከዚያ የቦካ ሊጥ አፍስሶ በስሱ አዞረው። ዶሳ ይሉታል፤ ሩዝና ጥቁር ማሽ መሰል እህል ተነክሮ፣ ተፈጭቶ፣ አድሮ ሲቦካ የሚጋገር ነው። ከእንጀራ የሚለየው አክንባሎ ስለማይደፋበት ዐይን አያወጣም፤ ጠርዙም ይደርቃል፤ ኮምጠጥ ማለቱ ግን የእኛው ነው። አብሮት በኮኮናት የተሠራ ጥቁር ሽምብራ ወጥ ቀረበ፤ ከዳላ ይሉታል። ወተት የሌለበት ሻይም መጣ፤ ስሙ ካታን ቻያ መሆኑን ያን ዕለት ተማርሁ፤ ከዚያ በኋላ በየሄድንበት በስሙ ጠየቅን።

አባታችን አንዷን ፍሬ በጣታቸው አንሥተው አተኵረው አዩና፣ «ይህማ ሽምብራ ነው» አሉ። ባረኩ። ገና ሳይቀምሱ ከዶሳው ቈርሰው፣ ወጡን አስነክተው ለአስተናጋጁ ጉርሻ ዘረጉለት። በዚያ ሀገር እያንዳንዱ ከራሱ ቅጠል ወይም ሳሕን ይበላል፤ የሌላው አፍ የነካው ምግብ አይነካም፤ ጉርሻም ልማድ አይደለም። ወጣቱ ጥቂት አመነታ። ከዚያ መዳፉን ዘርግቶ ተቀበላቸውና ከመዳፉ በላ። ወጥ ሠሪው ከጓዳው በር ቆሞ ይስቅ ነበር። በቀሩት 12 ቀናት ሁሉ ገና ስንገባ ምጣዱን ያጥብ ነበር፤ አባታችንም ሕክምናቸውን ጨርሰው ጾማቸውን ሳይፈቱ ተመለሱ።

ከእነዚህ ማዕዶች ለመንገዳችሁ የሚሆነው ይህ ነው። በእስራኤል «ፓርቬ» የሚል ምልክት ያለው ምግብ ሥጋም ወተትም የለበትም፤ እንቁላልና ዓሣ ግን ሊኖርበት ይችላል። በህንድ «ቬጂቴሪያን» የሚባለው፣ በታሸገ ምግብ ላይም በአረንጓዴ ነጥብ የሚታወቀው፣ ሥጋና እንቁላል የለበትም፤ ወተትና ቅቤ ግን ሊኖርበት ይችላል። አንዱ የከለከለውን ሌላው ይፈቅዳል፤ ሁለቱም ለእኛ ጾም አይበቁም። በዕብራይስጥ «ጢቭዖኒ» ብትሉ ከእንስሳት የሚገኝ ሁሉ የሌለበትን ይረዱላችኋል። ለዐረብ ክርስቲያኖች «ሲያሚ» ማለት ይበቃል። ለሌላው ዐረብ «ሐሊብ» ወተት፣ «ሰምነህ» የነጠረ ቅቤ፣ «በይድ» እንቁላል መሆኑን ያዙ። የአይሁድ ምግብ ቤቶች ብዙዎቹ ዓርብ ከሰዓት እስከ ቅዳሜ ማታ ዝግ ናቸው። በረመዳን ቀን ደግሞ በሙስሊሞች ሰፈር ብዙው ቤት ስለሚዘጋ አስቀድማችሁ አስቡ፤ በሚጾም ሰው ፊትም እየበላችሁ አትሂዱ።

መጠየቅ አስቀያሚ አይምሰላችሁ። እኔ እስካየሁት ድረስ፣ ስለ ጾሙ በትሕትና የሚጠይቅን እንግዳ የሚንቅ ወጥ ሠሪ ብዙ አይደለም።

ለገዳማችን ነዋሪዎች ደግሞ አንድ ልመና አለኝ። ሀገራችን «ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል» ትላለች። በዘንድሮው ሰሙነ ሕማማት እያንዳንዳችን ከአዲስ ገቢዎቹ ሁለት እናቶችን ወይም አባቶችን ይዘን፣ በመጀመሪያው ጠዋት ወደ ባለ ሑሙሱ እንውረድ። የእስከ ዘጠኝ ሰዓቱን ድርሻ በዕቃ አስሞልተን፣ ሦስቱን ቃላት አስጠንተን እንመልሳቸው። የደብረ ዘይትን አቀበት በራሳቸው ጉልበት ይወጡታል።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።