አንድን የሶፍትዌር ባለሙያ ‘ሲኒየር’ የሚያሰኘው ምንድን ነው?

እንደ አውሮፓውያኑ አቆጣጠር ነሐሴ 1/2012 ጠዋት፣ የኒው ዮርክ የአክሲዮን ገበያ በተከፈተ በ45 ደቂቃ ውስጥ ናይት ካፒታል የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ከ400 ሚሊዮን ዶላር በላይ ከሰረ። የዘረፈው የመረጃ መንታፊ አልነበረም። የገዛ ኮምፒውተሮቹ ማንም ያላዘዘውን አክሲዮን ከ4 ሚሊዮን በሚበልጡ ግብይቶች ሲገዙና ሲሸጡ ቆዩ።

የአገሪቱ የአክሲዮን ገበያ ተቆጣጣሪ ኮሚሽን በቀጣዩ ዓመት ይፋ እንዳደረገው፣ አዲስ ፕሮግራም በስምንት ሰርቨሮች ላይ መጫን ሲገባው አንዱ ተዘለለ። በተዘለለው ሰርቨር ላይ ደግሞ ኩባንያው ከ2003 ጀምሮ የማይጠቀምበት፣ ነገር ግን ያልተሰረዘ አሮጌ ኮድ ተኝቶ ነበር። አዲሱ ፕሮግራም ይህንኑ ኮድ የሚቀሰቅሰውን ምልክት ለሌላ ተግባር አውሎት ስለነበር አሮጌው ነቃ። ገበያው ከመከፈቱ በፊት ችግሩን የጠቆሙ 97 ኢሜይሎች ለሠራተኞች ቢደርሱም እርምጃ የወሰደ አልነበረም። ባለሙያዎቹ በጥድፊያ አዲሱን ኮድ በትክክል ከሠሩት ሰባት ሰርቨሮች ላይ ሲያነሱት እነዚያም አሮጌውን ሥራ ጀመሩ፤ ጉዳቱም ተባባሰ።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ረቂቅ የሂሳብ ቀመር ወይም አዲስ የፕሮግራም ቋንቋ ያስፈለገበት ቦታ የለም። የጎደለው የማያገለግል ኮድ እንዲሰረዝ የሚወተውት፣ ‘ተከላውን ሌላ ሰው ይይልን’ የሚል፣ በተለይም ‘ካልሠራስ እንዴት ወደኋላ እንመለሳለን?’ ብሎ አስቀድሞ የሚጠይቅ ሰው ነው። ጀማሪ ባለሙያ የተሰጠውን ሥራ ጽፎ ሲያስረክብ ተግባሩን ፈጽሟል። ከሲኒየር የሚጠበቀው ግን ከርክክቡ በኋላ ያለውም ነው፤ አንዳንዴም ‘ይህ ጭራሽ መጻፍ የለበትም’ ብሎ አለቃን ማሳመን።

ታዲያ የአገልግሎት ዓመታት ፋይዳ የላቸውም ማለት ነው? አላቸው፤ የተበላሸ ሥርዓት ሳያዩ ብልሽትን መጠርጠር አስቸጋሪ ነውና። ሆኖም የአንዱን ዓመት ሥራ አሥር ጊዜ የደጋገመ ሰው የአሥር ዓመት ልምድ አለው ማለት ይከብዳል።

የማዕረጉ ስምም ቢሆን ወጥ መለኪያ የለውም። በአንድ አነስተኛ ድርጅት ‘ሲኒየር’ የተባለ ባለሙያ ወደ ትልቅ ኩባንያ ሲዛወር ዝቅ ብሎ ሊመደብ ይችላል። በኤች-1ቢ ቪዛ ወደ አሜሪካ ለሚሄዱ ባለሙያዎችም የአገሪቱ የሠራተኛ መሥሪያ ቤት ዝቅተኛውን ደመወዝ በአራት እርከኖች ይከፍላል። እርከኑ የሚወሰነው የሥራ መደቡ በሚጠይቀው ልምድ፣ ትምህርትና ኃላፊነት እንጂ በደብዳቤው ላይ በሰፈረው መጠሪያ አይደለም።

ለእንዲህ ያለ መደብ በሚደረግ ቃለ መጠይቅ አመልካቹ ኮድ ከመጻፍ ባሻገር በእጁ ስለተበላሸ ሥራ እንዲያስረዳ መጠየቁ የተለመደ ነው። ጠያቂዎቹ ማወቅ የሚሹት ብልሽቱን ማን ቀድሞ እንዳየው፣ ለማን እንደተነገረና በማግስቱ ምን እንደተቀየረ ነው።