ሕያው ቤተ መዘክር፤ ከቫይኪንጎች መንደር እስከ ሰቆጣ

በስድስት ኪሎ ግቢ፣ ቀድሞ የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት በነበረው ሕንፃ የሚገኘውን የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ቤተ መዘክር የጐበኘ ተማሪ፣ የሕዝባችን ዕቃ ከልደት እስከ ሞት ባለው የሰው ዕድሜ ተራ እንደ ተደረደረ ያውቃል። አደራደሩ የሚመሰገን ነው። ይሁን እንጂ በየትኛውም ቤተ መዘክር ቢሆን፣ መስታወት ውስጥ የገባ ዕቃ መልኩን እንጂ ሥራውን አያስተምርም። የወፍጮውን መጅ እናያለን፤ አንድ ቁና እህል እስኪያልቅ ስንት ጊዜ እንደሚመላለስ፣ የፈጪዋንም ወገብ እንዴት እንደሚያጐብጥ ግን አናይም።

ይህን ጕድለት ለመሙላት በሰሜን አውሮፓ የተፈጠረ አንድ ዘዴ አለ፤ እርሱም በአውላላ ሜዳ ላይ የሚሠራ ሕያው ቤተ መዘክር ነው። አርቱር ሃዜሊዩስ የተባለ የስዊድን ሰው፣ የፋብሪካ ዘመን የገጠሩን ኑሮ ሲያጠፋው ተመልክቶ፣ የገበሬ ቤቶችን ከየአውራጃው እያስነቀለ በስቶክሆልም ኮረብታ ላይ መልሶ አስተከላቸው። ያገር ልብስ የለበሱ ሰዎችንና የቤት እንስሳትንም ጨመረበት። ስካንሰን የተባለው ይህ ቦታ በ1891 ዓ.ም. ተከፈተ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።)

ከእርሱ በኋላ የተነሡት ደግሞ ከዚህ የከበደ ሥራ ጀመሩ። ቫይኪንግ የሚባሉት የባሕር ተጓዦች፣ ነጋዴዎችና ወራሪዎች የገነኑበት ዘመን ባብዛኛው ከ793 እስከ 1066 ይቈጠራል፤ ይህም ንጉሥ ላሊበላ ከመንገሡ ከመቶ ዓመት በፊት ያለቀ ማለት ነው። ቤታቸው የእንጨትና የአፈር ስለ ነበረ በስብሶ ጠፍቷል። በኖርዌይ፣ በሎፎተን ደሴቶች፣ ቦርግ በሚባል ስፍራ በ1981 መሬት ሲታረስ ጥንታዊ ስብርባሪ ብቅ አለ። ሊቃውንት ቦታውን ቢቈፍሩት ርዝመቱ 83 ሜትር የሆነ የባላባት ቤት መሠረት ተገኘ። በዚያው ልክ አዲስ ቤት በአቅራቢያው ተሠርቶ በ1995 ለጐብኚ ተከፈተ። እንግዳ ወደዚያ ሲገባ የምድጃው እሳት ይነድዳል፤ ሱፍ ይፈተላል፤ ወጥ ይሠራል። ሰውና ከብት በአንድ ጣራ ሥር ያድሩ እንደ ነበር ሲነገረው ፈረንጁ ይደነቅ ይሆናል፤ የደጋ ልጅ ግን አይደነቅም።

ነገሩ የጨዋታ ብቻ እንዳይመስለን፣ እየሠሩ መመርመር ከመጽሐፍ የማይገኝ ዕውቀት ያስገኛል። በዴንማርክ፣ ሮስኪልዴ አጠገብ፣ በ1962 አምስት የቫይኪንግ መርከቦች ከባሕር ሥር ተቈፍረው ወጡ። ከእነርሱ ረጅሙን፣ 30 ሜትር ያህል የሚሆነውን፣ በጥንቱ መሣሪያ አስመስለው ሠርተው በ2007 እስከ አየርላንድ ከተማ ደብሊን ተጓዙበት። በዚያው አገር፣ ሌይሬ በሚባል ቦታ ደግሞ በጥንቱ አሠራር የሠሩትን ቤት በ1967 ሆን ብለው አቃጠሉት። ምክንያቱም ቤት ተቃጥሎ በመሬት ውስጥ ምን ምልክት እንደሚተው ለማወቅ ነው።

ከዚህ ሁሉ ድካም በስተጀርባ ግን አንድ ኀዘን አለ። እነዚህ ሰዎች የሚቈፍሩትና የሚገምቱት የሚጠይቁት ሰው ስላጡ ነው። «ጣራው እንዴት ይከደን ነበር?» ቢሉ መልስ የሚሰጥ ሽማግሌ የላቸውም።

አሁን ፊታችንን ወደ ዋግ እንመልስ። ሰቆጣ ከአፋር ዝቅተኛ ምድር በሲራራ የሚመጣው አሞሌ ጨው የሚሸጥባት ስመ ጥር ገበያ ነበረች። በአቅራቢያዋ ባለው ከዐለት በተፈለፈለው በውቅር መስቀለ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን የዋግሹሞች ነው የሚባል ያልፈረሰ አስከሬን ተጠብቆ ይኖራል። የሹሞቹን አካል እንዲህ ጠብቀናል፤ የሸማኔውን፣ የሸክላ ሠሪዋን፣ አሞሌውን የሚጠፍረውን ነጋዴ የእጅ ዕውቀት ግን ማን ጠበቀው? ይህ ዕውቀት በኽምጣና ቋንቋ የራሱ ስም አለው፤ ሥራው ሲቀር ስሙም አብሮ ይቀራል። ከ2020 እስከ 2022 በነበረው ጦርነትም ከአበርገሌና ከጻግብጂ ብዙ ሕዝብ ተፈናቅሎ ሰቆጣ ተጠልሏል። ሲሸሹ ልጅ ይታዘላል፤ የወፍጮ ድንጋይ ግን አይታዘልም።

ቤት መጠበቅ ብቻም አይበቃም። ከሰቆጣ በስተደቡብ፣ በላሊበላ፣ በቀይ ድንጋይ የተሠሩ ባለ ሁለት ፎቅ ክብ ቤቶች አሉ። በአብያተ ክርስቲያናቱ ዙሪያ ይኖር የነበረው ሕዝብ ለቅርሱ ጥበቃ ሲባል ወደ ሌላ ቦታ በተዛወረ ጊዜ ከቤቶቹ አንዳንዶቹ ባዶ ቀሩ። የሣር ክዳንን ከተባይ የሚጠብቀው የምድጃው ጭስ መሆኑን ማንኛዋም የገጠር እናት ታውቃለች። እሳቱ የጠፋበት ቤት ቅርስ ቢባልም ውስጡ ሞቷል።

እዚህ ላይ አንድ ብርቱ ተቃውሞ ይነሣል፤ «ታዲያ እናቶቻችን ለጐብኚ ሲባል በድንጋይ ሲፈጩ ይኑሩ ወይ?» የሚል። አይኑሩ! የሞተር ወፍጮ ለሴቶች ያወጣው ነፃነት በማንም ትርኢት ሊለወጥ አይገባም። እንዲያውም የሕያው ቤተ መዘክር ጥቅሙ ይህ ነው፤ የድሮው ሥራ በአንድ ቦታ፣ ደመወዝ በሚከፈላቸው ባለሙያዎች እጅ ሲጠበቅ፣ የቀረው መንደር ያለ ጸጸት ወደ ፊት ይራመዳል። ድህነትን እንደ ቅርስ ማስጐብኘት ሌላ፣ ጥበብን ማስተማር ሌላ ነው። የመጀመሪያዎቹ አስተማሪዎችም ከውጭ የመጡ ሊቃውንት ሳይሆኑ የዋግ አዛውንት መሆን አለባቸው።

እንዲህ ያለውን መንደር በሰቆጣ መሥራት ገንዘብ ይጠይቃል፤ መጀመሪያው ግን አይጠይቅም። በመጪው ክረምት ወደ አገሩ የሚመለስ ተማሪ ሁሉ አንድ አዛውንት መርጦ አንድ ሥራ ይጠይቅ፤ የመሣሪያውን ስም በአገሩ ቋንቋ፣ ልኩን፣ የሥራውን ቅደም ተከተል፣ ከማን እንደ ተማሩት ይጻፍ። በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቈጠራል ይባላል። የቦርግ ሰዎች 83 ሜትር ቤት የሠሩት መልስ ፍለጋ ነው፤ እኛ ግን መልሱን የሚያውቁት ዛሬም ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠዋል፤ ጠያቂው ነው የጠፋው።