ለፎቶግራፍ ሥራችን የሚስማማውን ሶፍትዌር እንዴት እንምረጥ?

በፊልም ዘመን አንድ ጥቅል ፊልም ቢበዛ 36 ያህል ፎቶግራፎችን ይሰጥ ነበር። ፎቶግራፍ አንሺው እያንዳንዱን አስቦና ቆጥቦ ያነሣል፤ ፊልሙ ከታጠበ በኋላም ኔጌቲቩ ቀንና ቦታ ተጽፎበት በፖስታ ውስጥ ይቀመጣል። ዲጂታል ካሜራ ይህን ቁጠባ አስቀርቶታል። ዛሬ በአንድ ሠርግ ወይም በአንድ ሳምንት የመስክ ጥናት ከ1000 በላይ ፎቶግራፎችን ማንሣት የተለመደ ሆኗል። ማንሣቱ እንዲህ ሲቀል፣ ያነሡትን መርጦ፣ አስተካክሎና አደራጅቶ በሚፈለግበት ጊዜ ማግኘቱ ግን በዚያው መጠን ከብዷል።

በዚህ ምክንያት «የትኛው የፎቶግራፍ ሶፍትዌር ይበልጣል?» የሚለው ጥያቄ በተደጋጋሚ ይነሣል። እኛ እንደምናምነው ግን ይህ ጥያቄ ብቻውን መልስ የለውም። አስቀድሞ መመለስ ያለበት «ፎቶግራፎቻችን ከካሜራው ወጥተው የመጨረሻ አገልግሎታቸው ላይ እስኪደርሱ በምን መንገድ ያልፋሉ?» የሚለው ነው። ምርጫው ቀላል አይደለም። የደረቀ ወንዝ፣ የተቆረጠ ዛፍ ወይም ያለፈ ሰው ዳግመኛ አይነሣም። የማይገኝ ፎቶግራፍ ደግሞ ካልተነሣ ፎቶግራፍ አይለይም።

ካሜራው የሚሰጠን ምንድን ነው?

የካሜራው ብርሃን ተቀባይ ክፍል በሚሊዮኖች የሚቆጠሩ ጥቃቅን ነጥቦች አሉት። እነዚህ ነጥቦች የብርሃንን መጠን ይለካሉ እንጂ ቀለምን ለይተው አያውቁም። ስለዚህ በእያንዳንዱ ነጥብ ላይ የቀይ፣ የአረንጓዴ ወይም የሰማያዊ ቀለም ማጣሪያ ይደረጋል። በአብዛኞቹ ካሜራዎች የሚሠራበትን አደራደር የፈለሰፈው የኮዳክ ኩባንያ ተመራማሪ የነበረው ብራይስ ባየር ሲሆን፣ የፈጠራ መብቱ የተሰጠው እ.ኤ.አ. በ1976 ነው። በዚህ አደራደር ከነጥቦቹ ግማሾቹ አረንጓዴን፣ ሩቦቹ ቀይን፣ ሩቦቹ ደግሞ ሰማያዊን ይቀበላሉ። በየነጥቡ የጎደሉትን ሁለት ቀለማት ከጎረቤት ነጥቦች በመነሣት በሒሳብ ገምቶ የሚሞላው ሶፍትዌር ነው።

ይህን ሥራ ካሜራው ራሱ ፈጽሞ ውጤቱን በመጨመቅ ሲያስቀምጠው ጄፔግ የተባለውን ፋይል እናገኛለን። ካሜራው የለካውን መረጃ ሳያበስል ሲያስቀምጠው ደግሞ ሮው፣ ማለትም ጥሬ ፋይል ይባላል። ልዩነቱ በቁጥር ሲታይ ግልጽ ይሆናል። ጄፔግ ለእያንዳንዱ ቀለም 8 ቢት ስለሚመድብ 256 የብርሃን ደረጃዎች ብቻ አሉት። 14 ቢት ያለው ጥሬ ፋይል ግን 16,384 ደረጃዎችን ይይዛል። ነጭ ነጠላ የለበሱ እናት በቀትር ፀሐይ ሲነሡ ነጠላው ነጥቶ፣ ፊታቸው ግን ጠቁሮ ሊወጣ ይችላል። ነጠላው ከልክ በላይ ብርሃን ካልተቀበለ በስተቀር፣ የፊታቸውን ዝርዝር ከጥላው ውስጥ መልሶ ለማውጣት ጥሬው ፋይል ከጄፔጉ እጅግ የሰፋ ዕድል ይሰጣል።

ይህ ዕድል ዋጋ አለው። 24 ሚሊዮን ነጥብ ያለው ካሜራ በ14 ቢት የሚያነሣው ፎቶግራፍ ሳይጨመቅ 42 ሜጋባይት ያህል ይሆናል። ተጨምቆ 25 ሜጋባይት ቢሆን እንኳ 1000 ፎቶግራፎች 25 ጊጋባይት ቦታ ይይዛሉ። ይህን በሰከንድ 5 ሜጋቢት በሚያሳልፍ የኢንተርኔት መሥመር ወደ ሩቅ ማከማቻ ለመላክ ያለማቋረጥ 11 ሰዓት ገደማ ያስፈልጋል። እንግዲህ «ሁሉንም ወደ ኢንተርኔት ማከማቻ እንጭናለን» የሚለው አሠራር ለማን እንደሚመች ከዚህ ስሌት መረዳት አያዳግትም።

ሦስቱ የሶፍትዌር ቤተሰቦች

በገበያ ላይ ያሉትን ሶፍትዌሮች በሦስት ቤተሰብ ከፍሎ ማየት ይቻላል። የመጀመሪያው ነጥብ በነጥብ የሚያርመው ነው። ቶማስና ጆን ኖል የተባሉ ወንድማማቾች የጀመሩትና የአዶቢ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1990 ለገበያ ያቀረበው ፎቶሾፕ፣ እንዲሁም እ.ኤ.አ. በ1995 በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሌይ ተማሪዎች የተጀመረውና በነጻ የሚታደለው ጊምፕ የዚህ ወገን ናቸው። አንድን ፎቶግራፍ በጥልቀት ለመሥራት፣ ጽሑፍ ለመጨመር ወይም ሁለት ምስሎችን ለማዋሐድ ተስማሚ ናቸው። አንድ ሺህ ፎቶግራፎችን ለማደራጀት ግን አልተሠሩም።

ሁለተኛው ጥሬ ፋይልን የሚያበስለው ነው። ላይትሩምና ካፕቸር ዋን በክፍያ፣ ዳርክቴብልና ሮውቴራፒ በነጻ የሚገኙ ሲሆኑ፣ በአንድ ፎቶግራፍ ላይ የተደረገውን ማስተካከያ ለብዙዎች በአንድ ጊዜ ለማስተላለፍ ያስችላሉ። ሦስተኛው ማደራጃው ነው። በነጻ የሚገኘው ዲጂካም የዚህ ምሳሌ ሲሆን፣ ዋና ሥራው መለየት፣ ቃል መስጠት፣ መመዘንና መፈለግ ነው። ላይትሩምና ዳርክቴብል ከሁለተኛው ሌላ የሦስተኛውንም ሥራ በከፊል ይሠራሉ።

በሁለተኛው ቤተሰብ ውስጥ አንድ መሠረታዊ ሐሳብ አለ። ሶፍትዌሩ ዋናውን ፋይል አይነካም። «ብርሃኑን ይህን ያህል ጨምር፤ ዳሩን ቁረጥ» የሚሉ ትእዛዞችን ለብቻቸው መዝግቦ፣ ፎቶግራፉን ባሳየን ቁጥር ትእዛዞቹን በዋናው ላይ ተግባራዊ ያደርጋል። ስለዚህ ከዓመታት በኋላም ሐሳባችንን ብንለውጥ ዋናው እንደ ኔጌቲቩ ሳይነካ ይገኛል። በአንጻሩ ጄፔግን ከፍቶ፣ አርሞ በዚያው ስም መልሶ ማስቀመጥ ዋናውን ያጠፋል፤ በተደጋገመም ቁጥር መጨመቁ ጥራቱን ይቀንሳል።

ድካማችን የት ይቀመጣል?

ብዙ ተጠቃሚዎች የማይጠይቁት፣ ሆኖም ከሁሉ የሚበልጠው ጥያቄ ይህ ነው። ዋናው ፋይል ካልተነካ፣ የሠራናቸው ማስተካከያዎችና የሰጠናቸው ቃላት የት ናቸው? ላይትሩም በካታሎግ፣ ማለትም በአንድ የመረጃ ቋት ውስጥ ያኖራቸዋል። ዳርክቴብል የመረጃ ቋት ቢኖረውም፣ ከእያንዳንዱ ፎቶግራፍ አጠገብ ኤክስ ኤም ፒ የተባለ ትንሽ የጽሑፍ ፋይል ያስቀምጣል። በላይትሩምም ቢሆን ተጠቃሚው ከፈለገ መረጃው በዚህ መልክ እንዲጻፍ ማዘዝ ይችላል።

ካታሎግ ፍለጋን ያፈጥናል። ነገር ግን ፎቶግራፎቹን ከሶፍትዌሩ ውጭ ወደ ሌላ ፎልደር ብናዛውራቸው ካታሎጉ አድራሻቸውን ያጣል። መብራት በድንገት ሲጠፋም የመረጃ ቋቱ ሊጎዳ ስለሚችል ቅጂው በየጊዜው መቀመጥ አለበት። አጠገብ ለአጠገብ የሚቀመጡት ትንንሽ ፋይሎች ግን ከፎቶግራፉ ጋር አብረው እስከተጓዙ ድረስ ከአንዱ ኮምፒዩተር ወደ ሌላው ይሻገራሉ።

የሶፍትዌር ዕድሜ ከፎቶግራፍ ዕድሜ ያጥራል። የአፕል ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2005 ያወጣውን አፐርቸር የተባለ ሶፍትዌር ማሳደጉን እንደሚያቆም በ2014 አስታወቀ፤ እ.ኤ.አ. በ2019 ከወጣው የማክ ሥርዓት ጀምሮም ሶፍትዌሩ አይሠራም። በብዙዎች ዘንድ ይወደድ ለነበረው ፒካሳም ጉግል ድጋፉን እ.ኤ.አ. በ2016 አቁሟል። በሁለቱም ዘንድ ዋናዎቹ ፎቶግራፎች አልጠፉም፤ የዓመታት የማደራጀትና የማረም ድካም ግን አደጋ ላይ ወድቋል።

እዚህ ላይ አንድ ልዩነት ልብ ሊባል ይገባል። ርእስ፣ መግለጫ፣ ቁልፍ ቃልና የኮከብ ምዘና በታወቀ ደረጃ ከተጻፉ ሌላው ሶፍትዌር ሊያነባቸው ይችላል። የማብሰያ ትእዛዞች ግን በአብዛኛው የየሶፍትዌሩ የግል ቋንቋ ናቸው። ስለዚህ የተጠናቀቀ ሥራ ምንጊዜም በጄፔግ ወይም በቲፍ መልክ ወጥቶ ከዋናው ጋር መቀመጥ ይኖርበታል።

የክፍያውም መልክ ከዚህ ጋር ይያያዛል። አዶቢ እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ ወደ ወርኃዊና ዓመታዊ ኪራይ ዞሯል። ኪራዩ ሲቋረጥ የላይትሩም ክላሲክ ካታሎግ ቢከፈትም የማረሚያው ክፍል ይዘጋል። ክፍያው በውጭ ምንዛሪ ለሚሆንበት ተጠቃሚ፣ ዛሬ መክፈል መቻሉ ብቻ ሳይሆን ከአምስት ዓመት በኋላም መክፈል መቻሉ መታሰብ አለበት።

ቀን፣ ሰዓትና ቃል

ካሜራ እያንዳንዱን ፎቶግራፍ ሲያነሣ ቀኑን፣ ሰዓቱንና የካሜራውን ሁኔታ ኤግዚፍ በተባለ መዝገብ ውስጥ ይጽፋል። ይህ መዝገብ የሚያውቀው የጎርጎርዮስን አቆጣጠር ብቻ ነው። መስከረም 17 ቀን 2017 ዓ.ም. የተነሣ የደመራ ማግስት ፎቶግራፍ በመዝገቡ ላይ የሚገኘው እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 27 ቀን 2024 ተብሎ ነው። ፎልደሩን «2017-01-17» ብለን ብንሰይመው፣ ሌላ ሰው ጃንዋሪ 17 ቀን 2017 ብሎ ሊያነበው ይችላል። በእኛ አስተያየት የፎልደሩን ስም በጎርጎርዮስ፣ የኢትዮጵያውን ቀን ደግሞ ከ«ዓ.ም.» ጋር በመግለጫው ውስጥ መጻፍ ግራ መጋባትን ያስቀራል።

በሰዓትም ረገድ እንዲሁ ነው። ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ የካሜራውን ሰዓት «3፡00» ብሎ የሞላ ሰው ካሜራውን በ6 ሰዓት ወደ ኋላ አስቀርቶታል። ለቤተሰብ አልበም ይህ ብዙም ላይጎዳ ይችላል። የአራዊትን የሌሊት እንቅስቃሴ ለሚያጠና ተመራማሪ ግን ከእኩለ ሌሊት እስከ ንጋት የተነሣው ሁሉ ባለፈው ቀን ስለሚመዘገብ ውጤቱን ያዛባል። በመሆኑም የምንመርጠው ሶፍትዌር የብዙ ፎቶግራፎችን ሰዓት በአንድ ጊዜ ማስተካከል የሚችል መሆኑን ማረጋገጥ ይገባል።

በአማርኛ ቁልፍ ቃል መስጠት ለሚፈልግ ሰው ሌላም ጥንቃቄ አለ። የኢትዮጵያ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው የዩኒኮድ 3.0 ደረጃ ውስጥ ስለገባ፣ ዩኒኮድን የሚያውቅ ማደራጃ ሁሉ አማርኛን ሊያስቀምጥ ይችላል። ከዚያ ወዲህም ቢሆን ዩኒኮድን በማይከተሉ የፊደል ሶፍትዌሮች የተጻፉ መግለጫዎች ግን ትርጉም አልባ ምልክቶች ሆነው ይታያሉ። ከዚህም በላይ ኮምፒዩተሩ «ሰ»ን ከ«ሠ»፣ «ሀ»ን ከ«ሐ»ና ከ«ኀ»፣ «ጸ»ን ከ«ፀ» የተለያዩ አድርጎ ይቆጥራቸዋል። «ፀሐይ» የሚለው ቃል በሁለቱ «ጸ»ዎችና በሦስቱ «ሀ»ዎች ብቻ 6 ዓይነት አጻጻፍ ሊኖረው ይችላል፤ በአንዱ የፈለገ በሌላው የተጻፈውን አያገኝም። መፍትሔው የቃላት ዝርዝር አስቀድሞ ወስኖ፣ በየጊዜው ከመተየብ ይልቅ ከዝርዝሩ መምረጥ ነው።

ሳይንሳዊ ፎቶግራፍና እውነት

በሳይንስ ሥራ ፎቶግራፍ ማስረጃ ነው። «ጆርናል ኦፍ ሴል ባዮሎጂ» የተሰኘው መጽሔት እ.ኤ.አ. ከ2002 ጀምሮ ለኅትመት የተቀበላቸውን ጽሑፎች ምስሎች ያለአግባብ ተለውጠው እንደሆነ መመርመር ጀምሯል። ተቀባይነት ያገኘው መርህ ብርሃንንና የቀለም ንጽጽርን ማስተካከል የሚቻለው በመላው ምስል ላይ እኩል ሲደረግና ያለውን መረጃ ሳይሰውር ሲቀር ነው የሚል ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 ወደ ፎቶሾፕ የገባውን የመሰለ፣ በምስሉ ላይ ያልነበረውን ፈጥሮ የሚሞላ መሣሪያ በማስረጃ ላይ ቦታ የለውም። ስለዚህ ተመራማሪ ዋናውን የማይነካና የተደረገውን ለውጥ ቅደም ተከተል የሚያሳይ ሶፍትዌር ያስፈልገዋል።

ጋዜጠኝነትም የራሱ ደንብ አለው። ሮይተርስ እ.ኤ.አ. በ2015 ነጻ ፎቶግራፍ አንሺዎቹ ከጥሬ ፋይል የተዘጋጀ ሳይሆን ካሜራው ራሱ የሠራውን ጄፔግ እንዲልኩ አዝዟል። ለአንዱ ሙያ ጥቅም የሆነው ነገር ለሌላው እንቅፋት እንደሚሆን ከዚህ እንረዳለን።

እንደ አሠራራችን መምረጥ

እንግዲህ ከላይ ያየነውን በሦስት ዓይነት ተጠቃሚ ላይ እናውለው። የሠርግ ፎቶግራፍ አንሺ በጥቂት ቀናት ውስጥ ብዙ መቶ ፎቶግራፎችን መርጦ አንድ ዓይነት ቀለም ሰጥቶ ማስረከብ አለበት። ለእርሱ ወሳኙ የመምረጥና ማስተካከያን በጅምላ የማስተላለፍ ፍጥነት ስለሆነ የሁለተኛው ቤተሰብ ሶፍትዌር ይስማማዋል፤ ፎቶሾፕን ወይም ጊምፕን ለአልበሙ ሽፋን ብቻ ይጠቀምበታል።

የመስክ ተመራማሪ በአንጻሩ ብዙ ማረም አይሻም። የሚፈልገው የናሙና ቁጥር፣ የዝርያ ስም፣ ቦታና ትክክለኛ ሰዓት ከፎቶግራፉ ጋር ተጣብቀው ለሚቀጥለው ተማሪ እንዲተላለፉ ነው። እንደ ዲጂካም ያለ ማደራጃ ለዚህ የተሻለ ነው። ነጻ መሆኑም አብረውት የሚሠሩ ሁሉ ያለክፍያ እንዲጠቀሙበት ያስችላል።

ፎቶግራፎቹን በስልኩ የሚያነሣ የቤተሰብ ሰው ደግሞ ከቀላል ማደራጃ የበለጠ አያስፈልገውም። የሚያስፈልገው ልማድ ነው። የማይፈለገውን በወቅቱ መሰረዝ፣ በዓመትና በወር መከፋፈል፣ የአያቶችን ስም የሚያውቅ ሰው ሳያልፍ በመግለጫው ላይ መጻፍ ከማንኛውም ውድ ሶፍትዌር ይበልጣል።

ከመወሰን በፊት

ማንኛውንም ሶፍትዌር ከመምረጣችን በፊት 100 ፎቶግራፎችን ገልብጠን በቅጂዎቹ ላይ እንፈትነው። እናስገባቸው፤ በአማርኛ ቃል እንስጣቸው፤ ጥቂቶቹን እናርም፤ እናውጣቸው። ቀጥሎም ፎልደሩን ወደ ሌላ ኮምፒዩተር ወስደን በሌላ ሶፍትዌር እንክፈተው። ቃላቱና መግለጫዎቹ አብረው ከመጡ ሶፍትዌሩ ድካማችንን አያግትም ማለት ነው። ካልመጡ ግን፣ የቱንም ያህል ያማረ ቢሆን፣ አንድ ቀን የምንከፍለው ዋጋ አለ።

የትኛውም ሶፍትዌር ግን የቅጂን ቦታ አይተካም። በፎቶግራፍ ባለሙያዎች ዘንድ የታወቀው ደንብ ሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ማከማቻ፣ ከእነዚህም አንዱ በሌላ ቦታ የሚል ነው። ሁለት ውጫዊ ሃርድ ዲስክ ያለው ሰው አንዱን በዘመድ ቤት ቢያስቀምጥ የደንቡን ትልቁን ክፍል ፈጽሟል። ከዚህ በኋላ የሶፍትዌሩ ምርጫ ቢሳሳት እንኳ የሚባክነው ጊዜ እንጂ ፎቶግራፉ አይሆንም።