ሙዚቀኛው ሲያስተምር

በዐቢይ ጾም ሬዲዮ የከፈተ ሰው የበገና ድምፅ ሳይሰማ አይውልም። በሰንበት ትምህርት ቤቶችና አዲስ አበባ ውስጥ በተከፈቱ ማሠልጠኛዎች፣ ከሥራና ከትምህርት ሰዓት በኋላ በገና ታቅፈው የሚማሩ ወጣቶች ብዙ ናቸው፤ ከነዚህም መካከል ሴቶቹ ጥቂት አይደሉም። ይህን የሚያይ ሰው በገና ከጥንት ጀምሮ ያለ ችግር እየተላለፈ የመጣ ይመስለዋል። ነገሩ ግን እንዲያ አልነበረም። ከ1966ቱ አብዮት በኋላ በገና ከሬዲዮ ራቀ፤ በያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ይሰጥ የነበረው የበገና ትምህርትም ተቋረጠ። መሣሪያው ከአዝማሪው ማሲንቆ በተለየ ከጸሎትና ከጾም ጋር ተያይዞ፣ በካህናትና በመኳንንት ቤት የኖረ በመሆኑ ደርዳሪዎቹ ቀድሞም ቢሆን ብዙ አልነበሩም። አንድ ትውልድ ሙሉ ተማሪ ቢያጣ ኖሮ ዛሬ የምናየው በሙዚየም ውስጥ ነበር። ያን ክፉ ጊዜ ያሻገሩት መደርደሩንም ማስተማሩንም አብረው የያዙ በጣት የሚቆጠሩ ሰዎች ናቸው። አንድ ሙዚቃ የሚኖረው ከልጅ ጎን ተቀምጦ የሚያሳይ ሙዚቀኛ እስካለ ድረስ ነው ብዬ አምናለሁ። እኛ ግን ይህን ሥራ እንደ ሥራ አንቆጥረውም፤ በትርፍ ጊዜ የሚደረግ ቸርነት አድርገን እናየዋለን። ስሕተቱ እዚህ ላይ ነው።

የመጋቤ ስብሐት ዓለሙ አጋን የሕይወት መንገድ ማየት ነገሩን ግልጽ ያደርገዋል። በ1942 ዓ.ም. እንጦጦ ተወለዱ። አሥራ ሁለት ዓመት ገደማ ሲሆናቸው ስመ ጥር የበገና መምህር የነበሩት አለቃ ተሰማ ወልደ አማኑኤል ጎረቤታቸው ሆነው መጡ፤ እኒሁ መምህር ብላቴናው በሚማርበት ትምህርት ቤትም በገና ያስተምሩ ነበር። ልጁ በገናን ያገኘው እንዲህ በጉርብትናና በትምህርት ቤት ነው። ከቤተሰብ አልወረሰውም፤ ፍለጋ ርቆም አልሄደም። ዓለሙ አጋ ከዚያ በኋላ ዩኒቨርሲቲ ገብተው ጂኦግራፊ ተማሩ፤ በያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤትም ሰባት ዓመት ያህል በገና አስተማሩ። ትምህርቱ ሲቆም ግን ፒያሳ ሱቅ ከፍተው ኑሯቸውን መምራት ግድ ሆነባቸው። ዓመታት አልፈው «ኢትዮፒክስ» በተባለው ተከታታይ የሙዚቃ ስብስብ ሥራቸው ሲወጣ የውጭው ዓለም አደነቃቸው። አድናቆቱ የሚገባቸው ነው። ሆኖም ለበገና ከዚያ አልበም በላይ የጠቀመው አለቃ ተሰማ ለአንድ የሰፈር ልጅ ያሳዩት ትዕግሥት፣ ልጁም በተራው ለሌሎች ማሳየቱ ነው።

ማሳየት ሲባል ምን ማለት እንደሆነ ከመሣሪያው ጠጋ ብሎ ማየት ይገባል። በገና አሥር አውታር አለው። አውታሩ በልማድ የሚሠራው ከተፈተለ የበግ አንጀት ሲሆን ብርኩማ በሚባለው እንጨት ላይ ያርፋል። በእያንዳንዱ አውታርና በብርኩማው መካከል እንዝራ የሚሉት ትንሽ ቁራጭ ቆዳ ይገባል። በገና ያንን ሆድ የሚያባባ፣ የሚንዘረዘር ድምፁን የሚያገኘው ከዚህች ቆዳ ነው። ቆዳዋ ከቦታዋ በጥቂቱ ከተዛነፈች አውታሩ ይታፈናል፤ ወይም ንዝረቱ ይጠፋና ድምፁ ይሳሳል። ትክክለኛ ቦታዋን በመለኪያ ማግኘት አይቻልም። መምህሩ በጣቱ ትንሽ ገፋ ያደርጋታል፣ አውታሩን ይነካል፣ ያዳምጣል፣ መለስ ያደርጋታል፣ እንደገና ይነካል። ተማሪው ይህን እያየና እየሰማ ጆሮው ይሠለጥናል፤ አንድ ቀን ራሱ ሲሞክረው መምህሩ ዝም ካለ ልክ ነው ማለት ነው። ቀጥሎም አውታሩን ከሚዜመው ቃል ጋር ማስማማት፣ ድምፅን ዝቅ አድርጎ መያዝ፣ ትንፋሽን መቆጠብ ይመጣል። ከዚህ ሁሉ መጽሐፍ ላይ ሊሰፍር የሚችለው ጥቂቱ ነው።

ስለ በገና የተባለው ለጥንታዊ መሣሪያ ብቻ የሚሠራ እንዳይመስል ዘመናዊ ሙዚቃችን እንዴት እንደተጀመረ እናስታውስ። ራስ ተፈሪ በ1916 ዓ.ም. ኢየሩሳሌምን ሲጎበኙ ከጭፍጨፋ የተረፉ አርመናውያን ወላጅ አልባ ልጆች በነሐስ መሣሪያ ተቀበሏቸው። ልጆቹ አርባ ነበሩ። ወደ አዲስ አበባ አስመጧቸው፤ ስማቸውም «አርባ ልጆች» ሆኖ ቀረ። እነዚህ ልጆች መለከት ነፊ ሆነው አልተወለዱም፤ አገርና ወላጅ ባጡበት ሰዓት መሣሪያ ያስጨበጣቸውና ያስተማራቸው ሰው ነበረ። አብሯቸው የመጣው መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን የንጉሠ ነገሥቱን ዘመን ብሔራዊ መዝሙር ዜማ ደረሰ። የወንድሙ ልጅ ነርሲስ ናልባንዲያን ደግሞ በማዘጋጃ ቤቱ ባንድ፣ በኋላም በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር፣ የዛሬው ብሔራዊ ቴአትር ማለት ነው፣ ተጫዋቾችንና ዘፋኞችን ሲያሠለጥን ኖረ። የ1950ዎቹንና የ1960ዎቹን ዘፈኖች ስንወድ በስም የምናነሳው ድምፃውያኑን ነው። ከኋላቸው ያለው የነሐስ መሣሪያ አጨዋወት ግን በብዙ ዓመት የልምምድ ክፍል ድካም የተገኘ ነው፤ እዚያ ክፍል ውስጥ የደከሙትን ስም የሚያውቅ ጥቂት ሰው ነው።

ይህን ሁሉ ተቀብሎ፣ «ለሙዚቃው ጠቀመ እንበል፤ ለልጆቹስ ምን ይፈይዳል?» የሚል ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ብዙ ጊዜ የሚሰጠው መልስ ግን የተጋነነ ነው። ሙዚቃ ልጅን በሒሳብ ጎበዝ ያደርገዋል፣ ከወንጀል ያድነዋል፣ ድህነትን ያሸንፋል ይባላል። የዚህ ተስፋ ትልቁ ምሳሌ የቬንዙዌላው «ኤል ሲስቴማ» ነው። ኢኮኖሚስትም ሙዚቀኛም የነበሩት ሆሴ አንቶኒዮ አብሬው እ.ኤ.አ. በ1975 ካራካስ ውስጥ በ11 ወጣቶች ጀመሩት፤ በኋላ በመንግሥት ገንዘብ በመቶ ሺህ የሚቆጠሩ ልጆችን የሚያስተምር ድርጅት ሆነ። ዓለም ያወቀው የኦርኬስትራ መሪ ጉስታቮ ዱዳሜል የዚያ ፍሬ ነው። ነገር ግን ከ6 እስከ 14 ዓመት የሆናቸው 2,914 ልጆች የተካፈሉበትና እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ ጥናት ያገኘው ለውጥ መጠነኛ ነበር። ራስን የመግዛት ችሎታ ጨምሯል፣ የጠባይ ችግርም ቀንሷል፤ በአእምሮ ችሎታ ላይ ግን በሁሉም ልጆች የታየ ለውጥ አልተገኘም። ከዚያም በላይ፣ ጥናቱ በተደረገባቸው ክፍላተ ሀገር የድህነት መጠን 46.5 በመቶ ሲገመት ከተማሪዎቹ መካከል ድሆች የነበሩት 16.7 በመቶ ገደማ ብቻ ናቸው። ለድሆች የተባለው ትምህርት በአብዛኛው የደረሰው ሻል ላሉት ነው።

ከዚህ ውጤት የምረዳው ሙዚቃ ማስተማር ከንቱ መሆኑን አይደለም። ራስን መግዛት ቀላል ነገር አይደለም፤ ለአንድ አፍላ ወጣት ትልቅ ስንቅ ነው። የምረዳው ሌላ ነገር ነው፦ ከሙዚቃ ትምህርት ሊገኝ የማይችለውን ቃል መግባት መምህሩን ይጎዳል። ቁጥሩ ሲመጣ «አልሠራም» ይባልና በጀቱ ይታጠፋል። የሰፈር ሙዚቀኛ ለልጁ የሚሰጠው የሚታይ ነገር አለው። ልጁ ትናንት ያልቻለውን ዛሬ ሲችል ራሱ ይሰማዋል፤ ማንም ሊነግረው አያስፈልግም። ከወላጁና ከክፍል መምህሩ ሌላ በቁም ነገር የሚያየው አንድ ትልቅ ሰው ያገኛል። የድሆቹ ልጆች ቁጥር ማነሱም ለእኔ የሚያሳየው ማዕከል ተከፍቶ ልጅ ይምጣ ማለት እንደማይበቃ ነው። አለቃ ተሰማ የተገኙት እንጦጦ፣ ልጁ በሚኖርበት ሰፈርና በሚማርበት ግቢ ነበር።

ዛሬ ደግሞ ሁሉም በስልክ ይገኛል የሚሉ አሉ። እውነት ነው፤ የክራር ቅኝቱን፣ የጊታር ጣት አያያዙን፣ የኪቦርድ መልመጃውን የሚያሳይ ቪዲዮ ሞልቷል። በውጭ አገር ለሚያድግ፣ በአቅራቢያው መምህር ለሌለው ልጅ ይህ ትልቅ በረከት ነው፤ መናቅም አይገባም። ቪዲዮው ግን ልጁን አይሰማውም። እንዝራዋ ስትዛነፍ «ቆይ» የሚለው፣ አንጓው ሲገተር የሚያየው፣ የስንፍና ዕለት መሆኑን ከፊቱ የሚያነበው የለም። በቪዲዮ የጀመረ ልጅ ብዙውን ጊዜ የሚደክመው የመጀመሪያው ችግር ላይ ሲደርስ ነው፤ ችግሩ የት እንዳለ ራሱ ለማወቅ ገና ጆሮ አላወጣምና።

የወላጆች ሥጋት ከዚህ ይከብዳል። «አዝማሪ ሊሆንብኝ ነው» የሚለው አባባል ረጅም ዕድሜ አለው። ሙዚቃውን እየወደድን ሙዚቀኛውን የማሳነስ ክፉ ልማድ ኖሮናልና፣ ልጁ ትምህርቱን ትቶ በዚህ ሥራ እንዳይቀር የሚፈራ ወላጅ አይፈረድበትም። የመጋቤ ስብሐት ዓለሙ አጋ ምሳሌ እዚህ ላይም ይረዳል፤ በገናውም ጂኦግራፊውም በአንድ ሰው ውስጥ ተስማምተው ኖረዋል። ከሚማሩት ብዙዎቹ ሙዚቀኛ አይሆኑም፤ መሆንም አይጠበቅባቸውም። አዋቂ አድማጭ መሆናቸውም ጥቅም ነው፤ ጥሩ ሙዚቃ የሚያዳምጠው ሰው ይፈልጋልና። ይሁንና ወላጅ ስለ ሌላ ነገር የመጠየቅ መብት አለው፤ መምህሩ በልጁ ላይ ስላለው ሥልጣን። እንግሊዛዊው ተመራማሪ ጄፍሪ ቤከር እ.ኤ.አ. በ2014 ባሳተመው መጽሐፍ «ኤል ሲስቴማ» ውስጥ አድልዎና ከልክ ያለፈ ጭካኔ እንደነበረ ጽፏል። ሙዚቀኛን ስለማክበር የምንናገር ሰዎች ይህን ማለፍ የለብንም። ትምህርቱ ሌሎች በሚያዩት ክፍል ይሰጥ፣ ወላጅ ሳይጠራ ገብቶ መቀመጥ ይቻለው፣ ልጁም ቅሬታውን የሚነግረው ከመምህሩ ሌላ ሰው ይኑረው።

ይህን ማሟላት የሚቻለው ደግሞ ሥራው እንደ ሥራ ሲቆጠር ነው። በቸርነት የሚያስተምርን ሰው ሰዓት አክብር፣ ተቆጣጣሪ ተቀበል ማለት አያስደፍርም። የአንድ መሣሪያ ሊቅ ትምህርቱ ሲቆም ሱቅ ከፍቶ መኖር ግድ የሆነበት አገር ነው ያለን፤ ሱቅ መክፈት ነውር የለበትም፤ ነውሩ እውቀቱን የሚገዛው መጥፋቱ ነው። በብዙ ወረዳዎች የወጣት ማዕከላት ተሠርተዋል። የጎደለው በሳምንት ለተወሰነ ሰዓት ለሙዚቀኛው የሚከፈል ደመወዝ፣ ለተበጠሰ አውታርና ለተቀደደ ከበሮ ማሠሪያ የሚሆን ጥቂት ገንዘብ፣ ለጀማሪ የሚዋሱ አምስት ወይም ስድስት ክራሮች ናቸው። አንድ ድግስ አዘጋጅ ለአንድ ምሽት ባንድ ሲጠራ ዋጋውን አስቀድሞ ይነጋገራል፣ ቀብድም ይከፍላል። የወጣት ማዕከሉም፣ ትምህርት ቤቱም፣ የሰፈሩ ማኅበርም ያንኑ ሙዚቀኛ ልጆች እንዲያስተምር ሲጠሩት ስለ ዋጋው መነጋገርን ከዚያው ቀን ይጀምሩ።